3 እና 1ን ደምሮ 3 ያለው ማሽን

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ "ቲቸር፣ ይሄ ሄክሳዴሲማል የሚሉት ነገር ምን ሊያደርግልን ነው?" እያላችሁ ታማርሩኝ የነበራችሁ፣ ይሄ የእናንተ ነው። (ስልኬ ላይ ኪቦርድ እየቀያየርኩ ስጽፍ መስመሩ ስለሚዘበራረቅብኝ የእንግሊዝኛውንም ሁሉ በፊደላችን ነው የምጽፈው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ ስል እናንተ በላቲኑ አስቡት።)

ባለፈው ወር ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ከአንድ የድሮ ተማሪዬ በቴሌግራም መልእክት ገባልኝ። "ቲቸር እንደምን አመሹ። 3 ሲደመር 1 ስንት ነው?" ይላል። ቀልድ መስሎኝ "4 ነዋ፤ ምነው ጠፋህ?" አልኩት። "እኔንማ አልጠፋኝም፤ ማሽኑ ነው 3 የሚለኝ። አቃጠላችሁት ብለው ሊያስከፍሉን ነው" ሲለኝ ከተጋደምኩበት ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

ልጁ እዚሁ እኛ ሰፈር፣ አቃቂ ያደገ ነው። አሁን በአንድ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ይማራል፤ የኮሌጁ ስም ይቆየን። ላብ ውስጥ ትሬነር ኪት የሚባል ነገር አላቸው። ላላያችሁት፣ ሰሌዳ ላይ የተዘረጋ ትንሽ ኮምፒውተር በሉት። ስክሪን የለውም፤ እንደ ድሮ ካልኩሌተር ቀይ አሃዝ የሚያበሩ ስድስት መስኮቶች አሉት። ማውስ፣ ዊንዶውስ፣ ምንም የለም። ከ0 እስከ 9 እና ከኤ እስከ ኤፍ የተጻፈባቸው ቁልፎች ብቻ። ፕሮግራሙን አንተ ራስህ ወደ ቁጥር ቀይረህ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ ትመታለህ። አሴምብለር የሚባለው ተርጓሚ ሶፍትዌር የለም፤ ተርጓሚው አንተ ነህ።

ቺፑ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው 8085 ነው። አሮጌ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። እ.ኤ.አ. በ1997 ማርስ ላይ ስትንቀሳቀስ የነበረችው የናሳዋ ሶጆርነር አንጎሏ የዚሁ የ8085 ዘር ነበር። ለመማሪያ ደግሞ እስካሁን ወደር የለውም፤ ሙሉ ሥራው በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ይገባልና።

እንግዲህ ልጁና ሁለት ጓደኞቹ የተሰጣቸው የመጀመሪያ ሥራ ሁለት ቁጥር መደመር ነው። በአሴምብሊ አምስት መስመር ብቻ፦

ኤምቪአይ ኤ፣ 03
ኤምቪአይ ቢ፣ 01
አድ ቢ
ኤስቲኤ 2050
ኤችኤልቲ

በእኛ ቋንቋ፦ ኤ በተባለው ሬጅስተር ውስጥ 3 አስቀምጥ፤ ቢ ውስጥ 1 አስቀምጥ፤ ቢን ኤ ላይ ደምር፤ ውጤቱን ሜሞሪ ላይ በአድራሻ 2050 አኑር፤ ቁም። ሬጅስተር ማለት ቺፑ ውስጥ ያለ፣ አንድ ቁጥር የምትይዝ ትንሽ ኪስ ናት።

ማሽኑ ግን "አድ" የሚለውን አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ትእዛዝ ቁጥሩ (ኦፕኮድ ይሉታል) ከሰንጠረዥ ላይ ይፈለጋል። የልጆቹ ችግር የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ከኪቱ ጋር የመጣው መጽሐፍ ከጠፋ ቆይቷል። ተማሪ ሁሉ የሚጠቀመው አንድ ሃንድአውት ነው፤ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ፣ እሱም እንደገና ኮፒ የተደረገ። የልጅ ልጅ ልጅ ማለት ነው።

ልጁ 4 እና 2 ሲደምር 6 ይመጣል። 5 እና 2 ሲደምር 7። ደስ ብሏቸው መምህሩን ጠሩ። መምህሩ "እስቲ 3 እና 1" አላቸው። 3። "2 እና 2" አላቸው። 2። እንደገና መቱት፤ አሁንም 2። መምህሩ ራሱን ነቀነቀና ቺፑ ተቃጥሏል፣ ምናልባት ኃይል ስታገናኙ ተሳስታችሁ ይሆናል አላቸው። ጉዳዩ ወደ ንብረት ክፍል ሄደ። ንብረት ክፍል ደግሞ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ ሦስቱ ተካፍለው ይክፈሉ፣ ካልከፈሉ ክሊራንስ የለም።

የልጁ አባት ጡረተኛ ናቸው። የተጠየቀው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ሲነግረኝ ዝም አልኩ። እሱም ቀስ ብሎ "ቲቸር፣ ብተወው ይሻላል መሰለኝ። ቃሊቲ መናኸሪያ ሥራ የሚያስገባኝ ሰው አለ" አለኝ። የመናኸሪያን ሥራ ለመናቅ አይደለም፤ ብዙ ቤት የሚተዳደርበት ነው። ግን ይሄ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል እያለ የተበላሸ ፍላሽ ዲስክ ፈትቶ፣ ውስጡ ያለውን ቺፕ ይዞ ቢሮዬ ድረስ "ፋይሉ የታለ?" ብሎ የመጣ ልጅ ነው።

"ነገ ኪቱን ያስነኩሃል?" አልኩት። "እስከ አርብ ይፈቀድልናል።" "በቃ፤ ሃያ ድምር ሥራና ውጤቱን በዝርዝር ላክልኝ። ትክክልም ይሁን ስህተት፣ አንዱን እንዳትዘል።"

በማግሥቱ ላከልኝ። ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ አነበብኩት። 8 እና 1፣ 9። ልክ። 5 እና 5፣ 5። 5 እና 4፣ 5። 1 እና 2፣ 3። ልክ። 6 እና 2፣ 6። 7 እና 7፣ 7። ...

አንድ ነገር ልብ በሉ። ስህተቱ ቅጥ አለው። የተቃጠለ ቺፕ የመሰለውን ቁጥር ይሰጣል ወይም ጭራሽ አይነሣም እንጂ ማንኛውንም ቁጥር ከራሱ ጋር ስትደምረው ሁልጊዜ ራሱን አይመልስልህም። ቁጥሮቹን ወደ ባይነሪ ቀየርኳቸው። 3 ማለት 0011። 1 ማለት 0001። የመጣው መልስ 0011። 5 ማለት 0101፣ 4 ማለት 0100፣ የመጣው 0101። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ቦታ ላይ 1 ከሌላቸው መልሱ ልክ ነው፤ በአንድ ቦታ ላይ ሁለቱም 1 ካላቸው ይሳሳታል። መደመር ቢሆን ኖሮ 1 እና 1 ሲገናኙ "አንድ በእጅ" ብሎ ወደ ቀጣዩ ቦታ ያሻግር ነበር። ይሄኛው 1 እና 1 ሲገናኙ 1 ብሎ ዝም ይላል፤ የሚያሻግረው ነገር የለም።

ይሄ ኦር ነው! አንድ አምፖል በሁለት ማብሪያ፤ አንዱ ቢበራም ይበራል፣ ሁለቱም ቢበሩ ያው አንዴ ነው የሚበራው። ማሽኑ አልተሳሳተም። ኦር አድርግ ተብሎ ታዟል፤ ኦር አደረገ። (ረዳቱ "ወራጅ አለ?" ሲል ድምፄን ከፍ አድርጌ "አለ!" ያልኩት ለእሱ ሳይሆን ለራሴ ነበር መሰለኝ፤ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ።)

እንግዲህ ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ይሄ ብቻውን ምን ይፈይዳል? እኔ ባለ ዲፕሎማ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ልጁ ሄዶ "የድሮ አስተማሪዬ ቺፑ ደህና ነው ብሎኛል" ቢል ማን ይሰማዋል? ንብረት ክፍል ወረቀት ነው የሚያየው። የሚያስፈልገን ቺፑን የሠራው ድርጅት ራሱ የጻፈው፣ "አድ ቢ ማለት ይህ ቁጥር ነው" የሚል ሰነድ ነው። እዚህ ላይ ፍለጋው ተጀመረ።

መጀመሪያ የሃንድአውቱን ፎቶ አስላክሁ። "አድ ቢ" ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር ጥቁር ነጠብጣብ ሆኗል። ልጁ ያነበበው "ቢ0" ብሎ ነው። እኔም አይቼው ቢ ነው የሚመስለው። የላቲኗ ቢ እና 8 ፎቶ ኮፒ ማሽን ውስጥ ሦስቴ ካለፉ መንታ ይሆናሉ። 0 እና ዲም እንደዚሁ። ታዲያ ትክክለኛው 80 ነው ወይስ ቢ0?

ጎግል ስታደርጉ ሰንጠረዥ በሽበሽ ነው። ችግሩ የትኛው የማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። አንዱ ገጽ "የኢንቴል ኦፕኮድ" ይላል፤ ስከፍተው የ8086 ነው። 8086 ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ታናሽ ወንድም ነው፤ ስማቸው ይመሳሰላል፣ ቁጥራቸው ግን አይገናኝም። በ8086 ላይ 90 ማለት "ምንም አትሥራ" ነው፤ በ8085 ላይ 90 ማለት "ቢን ቀንስ" ነው። የአንዱን ሰንጠረዥ ይዞ ሌላውን ማዘዝ በኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ትግርኛ ለመናገር መሞከር ነው። ቀላል መለያ ልስጣችሁ፦ "ቁም" የሚለው ትእዛዝ 76 ከሆነ የ8085 ቤተሰብ ነው፤ ኤፍ4 ከሆነ 8086 ነውና ዝጉት።

ሌላ ገጽ ደግሞ ቁጥሩ ልክ፣ ስሙ ግን ሌላ። 78ን ኢንቴል "ሙቭ ኤ፣ ቢ" ሲለው እዚያ "ኤልዲ ኤ፣ ቢ" ይለዋል። ይሄ ዛይሎግ የተባለው ኩባንያ የሠራው ዜድ80 ነው። ከኢንቴል 8080 ጋር እንዲስማማ ብለው ቁጥሮቹን እንዳሉ ወስደው የትእዛዞቹን ስም ቀየሩት። ጸሐይ እና ፀሐይ በሉት፤ ሲጻፍ ይለያያል፣ ሲሰማ ያው ነው። ይሄኛው እንኳ ጠላት አይደለም፤ ግን ለንብረት ክፍል ብታሳዩት "ይሄ የኛ ማሽን አይደለም" ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ከመጻሕፍት ደግሞ የራሜሽ ጋኦንካር የ8085 መጽሐፍ አለ። የህንድ አስተማሪዎች እጅ ያለፋችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ወፍራም፣ ትዕግሥተኛ መጽሐፍ ነው። እኔ የማውቀው ጓደኛዬ ዘንድ ነበር፤ ደወልኩለት፣ ለወንድሙ አውሶት ወንድሙ ይዞት ክፍለ ሀገር ሄዷል። መጽሐፍ የሚያውስ ሰው ይባረክ፤ የሚመልስ ሰው ደግሞ ይወለድ።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ኪሎ ወጣሁ፤ በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ ኢንተርኔት ለመጠቀም ይመቸኛል። ትልቅ ስካን በሞባይል ዳታ ማውረድ ለአስተማሪ ደመወዝ አይመከርም። እዚያ ሆኜ ነው ዋናውን ያገኘሁት። የድሮ የኮምፒውተር ሰነዶችን ስካን አድርገው በነፃ የሚያስቀምጡ ቦታዎች አሉ፤ ቢትሴቨርስ የሚባለው አንዱ ነው፣ ኢንተርኔት አርካይቭ ሌላው። ኢንቴል ራሱ በ1970ዎቹ መጨረሻ ያሳተመው "8080/8085 አሴምብሊ ላንጉጅ ፕሮግራሚንግ ማንዋል" እዚያ አለ። በታይፕ የተመታ የመሰለ ገጽ፣ ዳሩ የቆሸሸ፣ ግን የባለቤቱ ቃል።

አሁን ስካንም ያው ፎቶ ነው፤ 8 እና ቢ እዚያም ሊምታቱ ይችላሉ አይደል? ሊቆቹ ግን ሳያስቡት አድነውናል። ማንዋሉ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ስምንት ቢቱን በሳጥን ሥሎ ነው የሚያሳየው። ለአድ የተሣለው፦ 1 0 0 0 0፣ ከዚያ ሦስት ክፍት ቦታ። በክፍቱ ቦታ የሬጅስተሩ ቁጥር ይገባል። ቢ ማለት 000 ነው። ስለዚህ 1000 0000፤ 80 ማለት ነው። ቢ0 ቢሆን ኖሮ 1011 0000 ይሆን ነበር። ገጾቹን ወደ ኋላ ገልበጥ አድርጌ ኦርኤ የሚለውን ፈለግሁ፤ 1 0 1 1 0። እሱ ነው! ኦርኤ ቢ፣ ቢ0። 1ን ከ0 ጋር የሚያምታታ ፎቶ ኮፒ ገና አልተሠራም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ የነገሩ ጣፋጭ ቦታ ይሄ ነውና።

ሃንድአውቱ ለምን አታለላቸው? ቁጥሩ ስለደበዘዘ ብቻ አይደለም። በፊደል ተራ የተደረደረ ዝርዝር ስለነበረም ነው፤ ኤሲአይ፣ ኤዲሲ፣ አድ፣ እያለ ይወርዳል። እንደ መዝገበ ቃላት ማለት ነው። መዝገበ ቃላት ውስጥ አንድ ቃል ቢደበዝዝ ጎረቤቱ አይመሰክርለትም። ፊደል ገበታን ግን አስቡት። ልጅ ሆነን የኔታ ፊት ወይም ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን። ከበ ረድፍ ላይ ሦስተኛዋ በቅባት ብትጠፋ ምን እንደሆነች ትጠይቃላችሁ? በ፣ ቡ፣ ... ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ። የጠፋችው ቢ ናት፤ ሌላ ልትሆን አትችልም። ቦታዋ ይናገራል።

የ8085 ኮድም ፊደል ገበታ ነው። አድ የሚባለው ቤት ከ80 ይጀምራል፦ 80 ቢ፣ 81 ሲ፣ 82 ዲ፣ 83 ኢ፣ 84 ኤች፣ 85 ኤል፣ 86 ኤም፣ 87 ኤ። ስምንት ሬጅስተር፣ ስምንት ቦታ። (ኤም እንኳ ሬጅስተር አይደለም፤ "ሜሞሪ ላይ ያለው" ማለት ነው፣ በእንግድነት የተቀመጠ።) ቀጥሎ የኤዲሲ ቤት፣ ከዚያ ሰብ ከ90 ጀምሮ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንቱ የሂሳብና የሎጂክ ቤቶች በስምንት ስምንት ተደርድረው 64 ካሬ ይሞላሉ። ከነሱ በፊት ከ40 እስከ 7ኤፍ ያለው ሌላ 64 ካሬ በሙሉ የሙቭ ነው፤ ከየትኛው ወደ የትኛው እንደሚገለበጥ ብቻ ነው የሚለያየው። አንዲት ካሬ ብቻ ትዛነፋለች፦ 76። በሥርዓቱ ቢሆን "ሙቭ ኤም፣ ኤም" መሆን ነበረባት፤ ሜሞሪን ወደ ራሱ መገልበጥ ትርጉም ስለሌለው ቦታዋን ለ"ቁም" ሰጧት።

ይበልጥ የሚገርመኝን ልንገራችሁ። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ የእኛን ፊደል ሲያስገባ ያደረገው በትክክል ይህንን ነው። በ በሄክሳዴሲማል 1260 ናት፤ ቡ 1261፣ ቢ 1262፣ ባ 1263፣ ቤ 1264፣ ብ 1265፣ ቦ 1266። ስምንተኛዋ ቦታ 1267 ለቧ ተሰጠች። የመጨረሻዎቹ ሦስት ቢቶች ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያሉ ድምፁን ይናገራሉ፤ የቀሩት ቤቱን። ስለዚህ አሁን ይህን የምታነቡበት ስልክ ውስጥ ያለው አማርኛ ሁሉ እንደ 8085 ነው የተሰናዳው፤ ቤት እና ቁጥር። ለልጁ ይህን በድምፅ ልኬለት "ቲቸር ቆይ፣ ቆይ፣ ደግመው ይበሉት" አለኝ።

ማታውን የ16 በ16 ባዶ ሰንጠረዥ አስመርኩት። ኮፒ እንዳያደርግ፣ በእጁ እንዲሞላው። "256 ካሬ ነው እኮ" አለኝ። "እየሞላህ ስትሄድ ግማሹ ራሱ ይሞላል" አልኩት። ሁለት ቀን ፈጀበት። የሙቭን 64 ካሬ ለመሙላት ግን ሻይ እስኪፈላ ነው የፈጀብኝ ብሎኛል።

ሲሞላ አባቱ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ቶርኖ ላይ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። ምን እንደሚሠራ ጠይቀውት ሲያስረዳቸው፣ "ይሄማ የማሽኔ ሰሌዳ ነው" አሉ። ቶርኖ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ የማርሽ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈ ብረት አለ። የዚህን ያህል የብሎን ጥርስ ለማውጣት ይህን እጀታ እዚህ፣ ያንን እዚያ አድርግ የሚል፣ በረድፍና በአምድ። "ሰሌዳው ዘይት ጠጥቶ የማይነበብ ሲሆን ምን ታደርጉ ነበር?" ብሎ ጠየቃቸው። ከላይና ከታች ያለውን አይተው መሀሉን ያወጡት ነበር፤ ከዚያ በቁራጭ ብረት ሞክረው በጥርስ መለኪያ ያረጋግጣሉ። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ሳቅሁ። እኔ አራት ኪሎ ድረስ የሄድኩበትን ነገር ጋሼ ምሳ ሰዓት ላይ ያውቁት ኖሯል።

ያም ሆኖ ወረቀቱ ያስፈልጋል። ሦስት ገጽ አተምንለት፦ የማንዋሉ ሽፋን፣ አድ ያለበት ገጽ፣ ኦርኤ ያለበት ገጽ። ከሥር ደግሞ የሃያዎቹን ድምር ዝርዝር፤ በአንድ ዓምድ የመጣው መልስ፣ በሌላው ኦር ቢሆን መምጣት የሚገባው። ሃያውም ይገጥማሉ። "መምህርህን ሰው ፊት እንዳታሳፍር" አልኩት። "ላብ ውስጥ ብቻውን ሲሆን፣ 'አንድ ነገር አግኝቼ ነበር፣ ይዩልኝ' ብለህ ጀምር።"

ሐሙስ ዕለት እንዲያ አደረገ። ኪቱን አስነሡ። 3ኢ 03 06 01 80 32 50 20 76። (50 20 ተገልብጦ የተጻፈ አይምሰላችሁ፤ 8085 አድራሻን ከጅራቱ ነው የሚቀበለው፣ ትንሹን ባይት አስቀድሞ።) አስኬዱት፤ 2050ን ከፍተው አዩ። 04።

መምህሩ ዝም ብሎ ቆየ አለኝ። ከዚያ ራሱ በእጁ 2 እና 2 መታ። 04። 7 እና 7 መታ። 0ኢ፤ በእኛ 14። ሃንድአውቱን ከመሳቢያው አውጥቶ በመስኮቱ ብርሃን አየውና "ይሄን እኔም ተማሪ ሆኜ ነው የተማርኩበት" አለ። በዚያው ዕለት ለንብረት ክፍል ደብዳቤ ጻፈላቸው። ጥሩ ሰው ነው፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣበት ወረቀቱን ነው የሚጠላው። ንብረት ክፍል ግን እስካሁን መዝገቡ ላይ "ብልሽት" የሚለውን አልሰረዘም፤ ኮሚቴ መሰብሰብ አለበት ተብሏል። ክፍያው ቆሟል። ክሊራንሱ ገና ነው፤ እየተከታተልን ነው።

መምህሩ የልጁን በእጅ የተሞላ ሰንጠረዥ ወስዶ ላቡ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። ተማሪዎች ፎቶ እያነሡት ነው። እኔ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እባካችሁ ፎቶ ኮፒ አታድርጉት።

የማንዋሉን ፒዲኤፍ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ በቴሌግራም እልካለሁ። የ8086 ኮርስ ያላችሁ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ይሄ የእናንተ አይደለም፤ እናንተ ኢንቴል በ1979 ያሳተመውን የ8086 ፋሚሊ ዩዘርስ ማንዋል ፈልጉ፣ እሱም ስካኑ አለ፣ የቢት ሳጥኖቹም አሉበት። በአሁኑ ላፕቶፓችሁ 64 ቢት ላይ የምትሞክሩ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ በአሮጌው 8086 ሰንጠረዥ ከ40 እስከ 47 "አንድ ጨምር" የነበረው በ64 ቢት ላይ ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ የሌላ ትእዛዝ ቅድመ ምልክት ሆኗል። ለእናንተ የሚሆነው ኢንቴል በየጊዜው እያደሰ በነፃ የሚያወጣው የሶፍትዌር ዴቨሎፐርስ ማንዋል ሁለተኛው ቅጽ ነው። ብዙ ሺህ ገጽ ነውና አትሙት አልልም።

ልጁ ትናንት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ላከልኝ። ሰንጠረዡን ሞልቶ ሲጨርስ 246 ካሬ ብቻ ነው የሞላው፤ 10 ካሬ ባዶ ቀርተዋል። ማንዋሉ ስለነሱ አንድም ቃል አይልም። የመጀመሪያዋ ባዶ 08 ናት። "ቲቸር፣ እሷን ብመታት ምን ይመጣል?" ይላል። አንዳንድ ሰዎች ድሮ ሞክረው ኢንቴል ሳይናገር ውስጡ የተወው ትእዛዝ እንዳለ ደርሰውበታል፤ 08 ኤችኤል ከተባለው ጥንድ ሬጅስተር ላይ ቢሲን ይቀንሳል። መልሱን አልነገርኩትም። መምህሩን አስፈቅዶ ማክሰኞ ከሰዓት ሊሞክራት ነው፤ ያገኘውን ኮሜንት ላይ እጽፍላችኋለሁ።